ኮረሪማ አዋቂዋ መኪያ

ቦንጋ ውስጥ ኮረሪማ የሚገዛ ሰው ገበያውን ዞሮ ዞሮ መጨረሻው መኪያ ኑሪ ሱቅ ነው። ሌላ ቦታ የገዛ እንኳ ይዞላት ይመጣና «እስቲ እይልኝ» ይላታል። እሷም ከተሰካበት ክር ላይ አንዷን ፍሬ መርጣ ከጆሮዋ አስጠግታ ትነቀንቃታለች፤ በጥፍሯ ጫፏን ሰበር አድርጋ ታሸታታለች፤ ከዚያ ትፈርዳለች። «ይሄ ሳይደርስ የተለቀመ ነው።» «ይሄን ጭስ በልቶታል።» «ይሄን ያዢው፣ ዓመት ቢቀመጥም ሽታው አይለቅም።» ይግባኝ የለም። ኮረሪማውን ከገዛ ጫካቸው ለቅመው የሚያመጡት የማንኪራ ገበሬዎች እንኳ እሷ ፊቷን ካጨማደደች አንገታቸውን ይደፋሉ።

አባቷ ጋሽ ኑሪ ከቡታጅራ በኩል መጥተው ሱቁን ሲከፍቱ መኪያ ገና ድክድክ የምትል ልጅ ነበረች። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ከባንኮኒው ኋላ ቆመች። አባቷ ሲያልፉ ሱቁንና አፍንጫቸውን አብረው አወረሷት ይላል የገበያው ሰው። ሌላው በዲግሪው እንደሚኮራ እሷ በዚህ ስሟ ትኮራለች። «ኮረሪማ አዋቂዋ መኪያ» ሲሏት ያልሰማች ትመስላለች እንጂ ያን ቀን ሚዛኑ ላይ ትንሽ ጨመር ማድረጓ አይቀርም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ቤት መቀየሯ ነው። ከባሏ ከከሚል ጋር ለዓመታት የኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። ከሚል ከጅማ ዕቃ እያመላለሰ ጥቂት ሲጠራቀምላቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ገዙ። ግቢው ድሮ ከጎረቤታቸው ከእትዬ አልጋነሽ ግቢ ጋር አንድ ነበር፤ ኋላ ተከፍሎ መሐሉ ላይ የሰንሰል አጥር ተተከለበት። እትዬ አልጋነሽ የማንኪራ ልጅ ናቸው። ገና በኮረዳነታቸው ቦንጋ ተድረው፣ ወልደው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ አሁን ከእንሰታቸውና ከጎመናቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ትሁት ዋጫ ላይ አስተማሪ ናት።

እትዬ አልጋነሽ ኦርቶዶክስ፣ መኪያ ሙስሊም ናቸውና ሥጋ አይበላሉም። ጎመን ግን ሃይማኖት የለውም። መኪያ በገባች በሁለተኛው ቀን አንድ ትሪ ጎመን በአጥሩ ክፍተት አለፈላት፤ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበታል። ትሪ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። መኪያ ስኳር አድርጋ መለሰች። በሳምንቱ ጎደሬ መጣ፤ ፓስታ መለሰች። ዱባ መጣ፤ ሳሙና መለሰች። አንድ ቀን እትዬ አልጋነሽ ትሪውን ሲቀበሉ ያለ ምንም ክፋት «ልጄ፣ ሱቅሽን ጨረስሽው እኮ» ብለው ሳቁ። መኪያም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ገብታ ግን አፈረች። ሴትየዋ የእጃቸውን ፍሬ ይልካሉ፣ እሷ የካርቶን ዕቃ ትመልሳለች። ያን ጊዜ ነው እኔም ጓሮ ይኖረኛል ያለችው።

ጓሮው ጉድ አፈላ። የካሮቱን ዘር እሽግ በአንድ ቦይ ገለበጠችው። ሲበቅል እርስ በርሱ ተጣብቆ አሳዘናት፤ ከመሐሉ እየተነቀለ መሳሳት እንዳለበት አታውቅም፣ ብታውቅም ነቅሎ መጣል ግፍ መስሏታል። እንደ ጎመን ችግኝ አንድ በአንድ እየነቀለች ሌላ መደብ ላይ ተከለችው። ደርሶ ሲወጣ አንዱ ሁለት እግር፣ አንዱ ሦስት እግር አውጥቷል። ከሚል አንዷን አንስቶ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይቺ ካሮት ሱሪ ሳይሰፋላት ከቤት አትወጣም» አለ። ሰላጣውን ቀንድ አውጣ ጨረሰው። ሽንኩርቱ በቦንጋ ዝናብ እዛው መሬት ውስጥ በሰበሰ። ቆስጣውን የራሷ ዶሮዎች ተከፋፈሉት። በሶብላው ብቻ አላሳፈራትም፤ ያንን በትሪ አድርጋ ስትልክ እትዬ አልጋነሽ በሁለት እጃቸው ተቀብለው አሸተቱትና «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!» አሏት። የዚያን ቀን ደስታዋን ማንም አይንገራችሁ።

«የቸገረሽን ጠይቂኝ፣ ልጄ» ይሏት ነበር እትዬ አልጋነሽ። እሷ ግን አትጠይቅም። ሰው ሁሉ እሷን ሲጠይቅ ውሎ ማታ እሷ ማንን ትጠይቃለች? ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ሌሎች ላይ ስትተርት የምትውል ሴት ነበረች።

ግንቦት ላይ ትሁት ልትወልድ ተቃረበችና እትዬ አልጋነሽ ወደ ዋጫ ሊሄዱ ተነሡ። ባጃጁ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው፣ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ወደ መኪያ ግቢ ዘለቁ።

«መኪያዬ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን፤ የቤቱስ ግድ የለም» አሉ። «ያቺን በአንቺ በኩል የቀረችውን፣ ከዋንዛው ዛፍ ሥር ያለችውን ኮረሪማዬን ግን አደራ። ግቢው ሳይከፈል የተከልኳት ናት። እናቴ ስዳር ከማንኪራ ነቅላ በእጇ የሰጠችኝ ናት፤ ‹ይቺ እስካለች እኔም አጠገብሽ አለሁ› ብላ። ዶሮ እንዳይጭርብኝ።»

መኪያ ወደ ዋንዛው ዞር ብላ አየች። ከሥሩ የበቀለው ብዙ ነው። የትኛው እንደሆነ አላወቀችም።

እዚህ ላይ «ቦንጋ ኖራ የኮረሪማ ተክል አታውቅም? ወሬ ነው!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አታውቅም ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኮረሪማ የምታውቀው ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ በክር ተሰክቶ ወይም በጆንያ ታጭቆ ሲመጣ ነው። ጫካ የሚወርድ ሌላ፣ ሚዛን የሚይዝ ሌላ። በሐሳቧ ግን እንደ ቡና ከዛፍ ላይ የሚንጠለጠል አድርጋ ስላው ኖራለች፤ ስላ መኖሯንም እስከዚያች ቀን ልብ ብላው አታውቅም። አንዲት ጥያቄ በቂ ነበረች። «እትዬ፣ የትኛዋ ናት?» ብትል እትዬ አልጋነሽ በጣታቸው ጠቁመው ባጃጃቸው ውስጥ ይገቡ ነበር። ግን ኮረሪማ አዋቂዋ መኪያ ናት፣ በዚያ ላይ የባጃጁ ነጂ የገበያ ሰው ነው፤ ይሰማል፣ ያወራል።

«ኧረ እኔ እያለሁ!» አለች። «ወላሂ፣ አያስቡ።»

«አንቺ እማ ታውቂበታለሽ» ብለው ጉንጯን ስመው ሄዱ።

መኪያ በማግስቱ ዋንዛው ሥር ቆማ እንደ ዳኛ መረመረች። በአንድ በኩል ግንዷ ጠንከር ያለ፣ ቅጠሏ የሚያምር አንዲት ቁጥቋጦ አለች። በሌላ በኩል ሸምበቆ መሰል፣ ቅጠሉ የረዘመ፣ ተደራርቦ የበቀለ ሳር ነገር ሰፊ ቦታ ይዟል። ፈረደች። ኮረሪማ ማለት ቁጥቋጦዋ ናት። ዙሪያዋን በእንጨት አጠረች፣ ሥሯን ኮተኮተች፣ ፍግ አለበሰች፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣች። አጥር ያጠረችላት ቁጥቋጦ ከግቢው አጥር ሥር ሾልካ የበቀለች ሰንሰል መሆኗን የነገራት የለም። አጥሩን አጠረችው ማለት ነው።

ቀጥላ ደግሞ ያ «ሳር» የአደራዋን ምግብ እንዳይሻማባት ሰጋች። ቦታውም ለካሮት ይመቻል። እሑድ ጠዋት ማጭድና መቆፈሪያ ይዛ ገባችበት። እውነትም የተከበረ ተክል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሥር ባልሰደደ፣ አረም ነው እንጂ እንዲህ የሚታገል፣ እያለች ነቀለችው። ከመሬት ጋር ተጣብቀው የፈኩ ነጣ ያሉ ለስላሳ አበቦች ነበሩበት፤ ምን የሚያምር አረም ነው ብላ እነሱንም ጨመረቻቸው። ስትቆርጥ ስትፈልጥ የኮረሪማ ጠረን አወዳት። አልገረማትም። ሱቅ የምትውልበትን ቀሚስ ነበር የለበሰችው፤ ጠረኑ ከቀሚሷ የወጣ መሰላት። የነቀለችውን ሁሉ አቅፋ ከግቢው በታች ካለው ገደል ጣለችው። ፀሐይ ለካሮቱ እንዲገባለት ብላም የዋንዛውን የታች ቅርንጫፎች አስቆረጠች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

ሰኔ መጣ፤ ትሁትም ሴት ልጅ ተገላገለች። መኪያ በስልክ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለቻት፣ እትዬ አልጋነሽም «ኮረሪማዬ እንዴት ናት?» ብለው ጠየቋት። «አምሮባታል» አለች መኪያ፣ ያጠረቻትን ሰንሰል በመስኮት እያየች።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ጤና አዳም ልትገዛ ችግኝ ወደሚሸጥበት የገበያው ጥግ ሄደች። ሴቶቹ ችግኙን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ደርድረውታል። ከመሐሉ ያ ሸምበቆ መሰል ረጅም ቅጠል፣ ያ «ሳር»፣ ከነሥሩ ታስሮ ቆሟል። መኪያ ሳቋ መጣ፤ አሁን ይሄን ማን ይገዛል ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከጎኗ የቆመ ሰው ጎንበስ ብሎ «ኮረሪማው በደንብ ሥር ይዟል?» ሲል ሻጯን ጠየቀ።

«ከማንኪራ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው» አለች ሻጯ።

ሻጯ ቀና ብላ አወቀቻትና «ውይ መኪያ! አንቺ እያለሽ እኔን ይጠይቀኛል እንዴ!» ብላ ሳቀች። ሰውየውም እሷን ማየት ጀመረ። መኪያ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ «ጥሩ ነው» አለች፤ ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም። ጤና አዳሙን ሳትገዛ ቀጥታ ወደ ገደሉ ሄደች። በጭቃው እየተንሸራተተች ወርዳ ፈለገች። ጎርፍ ወስዶት ነበር፤ የቀረውም ጥቁር ብስባሽ ሆኗል። እዚያው ቁጭ ብላ እጇን አሸተተች። ያ አፍንጫ፣ አገር የሚምልበት አፍንጫ፣ ከእጇ ላይ ያለውን ሳይለይ ቀርቷል።

ሰው ጥፋቱን ያወቀ ዕለት መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ መኪያ የመረጠችው አጭሩን ነበር። እሷን የማታውቅ ሌላ ሻጭ ፈልጋ አንድ ጥቅል የኮረሪማ ችግኝ ገዛች፣ በፌስታል ደብቃ አመጣች፣ ካሮቱን ነቅላ እዚያው ቦታ ላይ ተከለችው። እንዳይወድቅ ብላ ጥልቅ አድርጋ ቀበረችው፤ አፈሩን በእግሯ ጠቀጠቀችው። ኮረሪማ ጥላ ወዳድ መሆኑን የምታውቅ ቢሆን ኖሮ ቅርንጫፉን ባላስቆረጠች። ሰማዩ ገለጥ ባለ ቁጥር ፀሐይዋ ቀጥታ አናቱ ላይ ትወርዳለች። ተክሉ ቢጫ መሆን ጀመረ።

ለከሚል ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ተወ። «ሲመጡ ንገሪያቸው በቃ» አላት።

«እነግራቸዋለሁ» አለች።

እትዬ አልጋነሽ ከዋጫ ሲመለሱ ጓዛቸውን በር ላይ ጥለው ቀጥታ ወደ ዋንዛው ነው የመጡት። ቆሙ። ሰፊ የነበረው መደብ ጥቂት የከሱ አገዳዎች ብቻ ቀርተውበታል። ጎንበስ ብለው አንዱን ቢጫ ቅጠል በመዳፋቸው ያዙት። መኪያ ከኋላቸው ቆማ ያዘጋጀችውን ቃል ፈለገች። «እትዬ፣ እኔ ነኝ» የሚል ነበር። አፏ ሲከፈት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እርስዎ ከሄዱ ወዲህ እየከሳ መጣ እትዬ። ነፋስም ቅርንጫፉን ገነጠለው። ውሃ ሳጠጣው ነበር፣ ወላሂ፤ አልሆን አለ።»

ወላሂ አለች። የአላህን ስም ጠርታ ማለት ነው። ይሄን ሳስብ እኔም እንኳ ብዕሬን ላስቀምጥ ይቃጣኛል።

እትዬ አልጋነሽ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለ ነበር። «አንቺ ልፋትሽን ለፍተሻል» አሉ ቀስ ብለው። «ኮረሪማን እንዳንቺ የሚያውቅ የለም። አንቺ ካላዳንሻት የሰው ነገር አይደለም ማለት ነው።» ከዚያ በዋንዛው ግንድ ተደግፈው ቁጭ አሉና «እናቴ ናት» አሉ። «ተቀይማኛለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው እማማ አሰለፈች የሞቱት እትዬ አልጋነሽ ታመው ሆስፒታል በተኙበት ሰሞን ነበር፤ አልቀበሯቸውም። ይህ ከልባቸው አልወጣ ብሎ ስለኖረ፣ የልጅ ልጅ ስትወለድ በእናታቸው ስም አሰለፈች እንድትባል ለመኗት ትሁትን። ትሁት ደግሞ የዛሬ ልጅ ናት፤ ሕፃኗን አብርሆት አለቻት። እትዬ አልጋነሽም ምን ይደረግ ብለው ተቀብለው ነበር፣ የደረቀውን ኮረሪማ እስኪያዩ ድረስ። አሁን ግን ገባቸው። ‹ይቺ እስካለች እኔም አለሁ› ያሉት እናት ስማቸው ሲረሳ ጊዜ ተክላቸውን ይዘው ሄደዋል።

መኪያ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች። «አይዞዎት እትዬ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት የመኪያ ሲኦል ነበሩ። ቀን ሱቅ ውስጥ «እስቲ ይሄን እይልኝ» የሚላት ሰው አይጠፋም፤ አንዷን ፍሬ ሁለቴ ሦስቴ ሳትነቀንቅ አትፈርድም። ማታ ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ አልጋነሽ የስልክ ድምፅ ይሰማታል። «ስሟን ቀይሪው ትሁት። እናቴ ምልክት ሰጥታኛለች።» ያዳምጣሉ። «አጉል እምነት ነው ትይኛለሽ? እኔን እናትሽን?» በመጨረሻ አንድ ቀን «እንግዲያው ክርስትናዋ ላይ እንዳትጠብቂኝ» ብለው ስልኩን ሲዘጉ ሰማች። ቀጥሎ የተሰማት ለቅሷቸው ነው።

መኪያ እየተነሣች ትሄዳለች። በየቀኑ ነው የምትሄደው። ስኳር ይዛ ትሄዳለች፣ በሶብላ ይዛ ትሄዳለች፤ ልትናገር ትሄድና አጽናንታቸው ትመለሳለች። እንዲያውም ጎረቤቶች ስለ ልጅ ልጃቸው እንኳን ደስ ያለዎት ሊሉ በመጡ ቀን፣ እትዬ አልጋነሽ በሰው ፊት ትከሻዋን አቅፈው «ልጄ ጨክና ስትተወኝ ይቺ የሰው ልጅ ናት እንባዬን የምትጠርግልኝ» አሉ። ሴቶቹ መረቋት። መኪያ «አሜን» አለች። ምርቃቱን ከላይዋ ላይ አውልቃ መጣል ብትችል ትጥለው ነበር፤ ግን አሜን አለች።

ለምን አልተናገረችም ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ረጅም አይደለም። ስሟን ፈራች። እትዬ አልጋነሽ ካወቁ ነገ ማንኪራ ይሰማል፣ ከነገ ወዲያ ገበያው ይስቃል። «ኮረሪማ አዋቂዋ ኮረሪማ አረመች!» በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እሷ ግን የምትሸሽገው የራሷን በሽታ ሆኖ ታማሚዋ ሌላ ሰው ነበረች።

የክርስትናው ቀን እየቀረበ መጣ። ትሁት ለመኪያ ደወለች። «መኪያ፣ እናቴ አንቺን ይሰማሉ» አለች እያለቀሰች። «እባክሽ ንገሪልኝ። ልጄ አያቷ ሳይኖሩ ክርስትና ልትነሣ ነው። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም» አለች መኪያ። ስልኩን ዘጋች። ሱቁንም ዘጋች፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት። እንደዚያ ቀን ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም።

እትዬ አልጋነሽ የጎመን መደባቸውን እየኮተኮቱ ነበር። መኪያ አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች እንደማትናገር ታውቃለች።

«እትዬ፣ እናትዎ አልተቀየሙም። እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ?»

«ኮረሪማውን የነቀልኩት። ሳር መስሎኝ ነቅዬ ገደል ጣልኩት። አሁን ያለው ከገበያ ገዝቼ የተከልኩት ነው። ቅርንጫፉንም ነፋስ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።»

እትዬ አልጋነሽ መኮትኮቻውን እንደያዙ ቀና አሉ። «አንቺ?» አሉ። «አንቺ እኮ...»

«ተክሉን አላውቀውም ነበር። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። አደራ ሲሉኝ ለመጠየቅ አፈርኩ።»

አሮጊቷ በአጥሩ ክፍተት ወደ ዋንዛው አዩ። ከዚያ እትዬ አልጋነሽ «ያቺን ሰንሰልስ ለምን አጠርሻት?» ብለው ጠየቁ። «ከመጣሁ ጀምሮ ሲገርመኝ ነበር።»

«ኮረሪማ መስላኝ።»

የአሮጊቷ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። መኪያ ሊስቁ መሰላት፤ ቢስቁ ኖሮ እግራቸው ላይ በወደቀች። አልሳቁም።

«ሳታውቂ ነቀልሽ» አሉ። «እሺ። ያላወቀ ሰው ምን ይባላል? ስመጣ ደግሞ ዋሸሽኝ፤ እሱንም ደንግጠሽ ነው ልበል። ከዚያ ወዲህስ? እኔ እዚህ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠሽ እጄን ይዘሻል። ከልጄ ጋር ስጣላ እየሰማሽ ነው። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ስትጠርጊልኝ፣ መኪያ፣ ምን ነበር የምታስቢው?»

መኪያ ውሸት ፈለገች፤ አላገኘችም።

«ስሜን» አለች። «ስሜን ነበር የማስበው።»

እትዬ አልጋነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ተቆጣ ሰው ሳይሆን ሲጠብቅ የነበረውን ዕቃ ጎድሎ እንዳገኘ ሰው። መኮትኮቻውን አፈሩ ላይ ትተው፣ እጃቸውን ተለቃልቀው ቤታቸው ገቡ። በሩን አልወረወሩትም፤ ቀስ አድርገው ዘጉት። መኪያ ከጎመኑ መሐል ቆማ ቀረች። ሰው የሚያህል ነገር በእፍረት እንዲህ ማነሱን ያን ቀን ነው ያወቀችው።

በማግስቱ እትዬ አልጋነሽ ወደ ዋጫ ተሳፈሩ። ክርስትናው አልቀረባቸውም፤ ሕፃኗም አብርሆት እንደተባለች ቀረች። የቤታቸውን ቁልፍ ግን የሰጡት ከታች ላለችው ጎረቤት ነው።

ሲመለሱ ሰላምታ አልነፈጓትም። «እንደምን አደርሽ» ይላሉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። አንድ ጠዋት በአጥሩ ክፍተት ብቅ ብለው «ካልከፋሽ ያቺን የተረፈችውን ልውሰዳት» አሉና ቢጫዋን ኮረሪማ ነቅለው ወስደው ከእንሰታቸው ጥላ ሥር ተከሏት። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ስታይ አዲስ ቅጠል አውጥታ ነበር። ትሪው ግን አያልፍም። መኪያ በሶብላዋ ሲደርስ አንዴ ልካ ነበር፤ ትሪው ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን ተመለሰላት።

ሱቅ ውስጥ የሚገባውን ሰው ሁሉ ፊቱን ታያለች። ይሄ ሰምቷል? ያቺ ለምን ፈገግ አለች? የማንኪራ ገበሬዎች ሲመጡ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። አንድ ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። ማንም ምንም አላለም። ገበያው የሰማውን ይዞ የሚያድር ገበያ አይደለም፤ ቢሰማ ኖሮ እስካሁን ዘፈን ያወጣለት ነበር። አልሰማም ማለት ነው። እትዬ አልጋነሽ ለማንም አልተናገሩም። መኪያ ይህን ስታውቅ እፎይ ትላለች ብላ ነበር ያሰበችው፤ እፎይ አላለችም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሙሉብርሃን የምትባል፣ በቅርቡ በሥራ ተዛውራ ቦንጋ የመጣች ሴት ሱቁ ገባች። የእህቷ ሠርግ ደርሶ ለቅመም የሚሆን ኮረሪማ በብዛት ትፈልጋለች።

«የተከራየሁባቸው ሰዎች ዘመድ ናቸው የላኩኝ፤ እትዬ አልጋነሽ» አለች። «ገበያውን አትዙሪ፣ ቦንጋ ውስጥ ኮረሪማ የምታውቅ መኪያ ናት፣ እሷ ትምረጥልሽ አሉኝ።»

የመኪያ እጅ ክሩ ላይ ቀረ። ፊቷ ከጆሮዋ እስከ አንገቷ ጋለ።

«እንደዚያ አሉሽ?»

«አዎ። ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች አሉኝ።»

መኪያ መረጠች። እያንዳንዷን ፍሬ እያገላበጠች፣ ከሌላ ጊዜ ይልቅ ቀስ ብላ፣ ካላት ሁሉ ምርጡን አወጣችላት። ከዚያ ጠቅልላ ስትሰጣት ቀና ብላ አየቻት።

«እኔ የደረቀውን ፍሬ ነው የማውቀው» አለች። «ኮረሪማን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እኔ አላውቅም።»

ሙሉብርሃን ሳቅ አለችና «ትሕትናሽንም ነግረውኛል» ብላ ጥቅሉን ይዛ ወጣች።